ቀስ በቀስ ለሚያድግ አነስተኛ የመኖሪያ መንደር የፍሳሽ ማጣሪያ እንዴት ይመረጣል?

በየምዕራፉ ለሚገነባ የመኖሪያ መንደር የፍሳሽ ማጣሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉም ቤቶች ተጠናቀው ሰው ሲገባባቸው በቀን ምን ያህል ፍሳሽ ይወጣል የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም ማጣሪያን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የመጨረሻው ሙላት ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉድለት ነው። መሬቱንና ዋናውን የፍሳሽ መስመር ለመጨረሻው መጠን፣ የማጣሪያውን ገንዳዎችና ማሽኖች ግን በቅርብ ለሚገባው ነዋሪ ልክ ማዘጋጀት ይሻላል።

ነገሩ በስሌት ሲታይ ግልጽ ይሆናል። 200 ቤቶች ቢታቀዱ፣ በየቤቱ አምስት ሰው ቢኖርና አንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ፍሳሽ ያወጣል ቢባል፣ መንደሩ ሲሞላ በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይኖራል። በመጀመሪያው ዓመት ሰው የሚገባው በ20 ቤቶች ብቻ ከሆነ ግን የሚመጣው 10 ሜትር ኩብ ነው። ፍሰትን የሚያመጣጥነው ገንዳ ለሙሉው መንደር የስምንት ሰዓት ፍሳሽ እንዲይዝ፣ ማለትም 33 ሜትር ኩብ ያህል ሆኖ ከተሠራ፣ ይህ ጥቂት ፍሳሽ በውስጡ ከሦስት ቀን በላይ ይተኛል። ኦክስጅኑ ያልቅና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል፤ ሽታው ነዋሪውን ያስመርራል፣ ከጋዙ የሚመነጨው አሲድም ኮንክሪቱን ይበላል። አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት በማጣት ይመነምናሉ፤ የአየር መንፊያው ማሽን ግን ለጥቂት ቤቶችም ቢሆን ለሙሉ መንደር የሚበቃውን ያህል ኤሌክትሪክ መፍጀቱን ይቀጥላል።

የነፍስ ወከፉ መጠን በግምት ባይወሰን ይመረጣል። ተመሳሳይ ኑሮ ያለው አጎራባች ሰፈር የውሃ ቆጣሪ ንባብ ከተገኘ፣ ለቤት ውስጥ ከሚውለው ውሃ 80 በመቶ ያህሉ ወደ ፍሳሽ እንደሚለወጥ አድርጎ ማስላት የተለመደ ነው። በትንሽ መንደር ሰዎች የሚነሡትና የሚታጠቡት በተቀራራቢ ሰዓት ስለሆነ የጠዋቱ ፍሰት ከዕለቱ አማካይ ሦስትና አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የጣሪያና የግቢ ዝናብ ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመሩ እንዳይገባ መከልከል ደግሞ ከማንኛውም ማሽን ይልቅ ርካሽ መከላከያ ነው።

የማጣሪያ ዓይነት ከመታየቱ በፊት የተጣራው ውሃ የት እንደሚሄድ መወሰንና ፈቃድ ሰጪው አካል የሚጠይቀውን የጥራት ደረጃ በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል። ውሃው ወደ አፈር የሚሰርግ ከሆነ የአፈሩ የማስረግ አቅም በቦታው መለካትና የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ በዝናብ ወቅት መታየት አለበት፤ በበጋ ብቻ የተደረገ ልኬት ያታልላል። ወንዝ ወይም ሐይቅ ከሆነ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የመቀነስ ግዴታ ሊመጣ ይችላል። ለመስኖ ከታሰበ ትልቁ ጉዳይ የአንጀት ጥገኛ ትላትል እንቁላል ነው፤ እንቁላሎቹ ክሎሪንን ስለሚቋቋሙ የሚወገዱት በማዝቀጥ ወይም በማጥለል ነው።

ቦታው ሰፊ፣ አፈሩ ውሃ የሚያሰርግና የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቅ ከሆነ፣ ለጥቂት ቤቶች በጋራ የሚሠራ ሴፕቲክ ታንክ (ደረቁ ቆሻሻ የሚዘቅጥበት የተዘጋ የመሬት ውስጥ ገንዳ) ከማስረጊያ ቦይ ጋር ከመንደሩ ዕድገት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አዲስ የቤቶች ስብስብ ሲመጣ አዲስ ታንክ ይጨመራል። ሴፕቲክ ታንክ ብቻውን ግን ከፍሳሹ ብክለት ከግማሽ በላይ ያስወግዳል ተብሎ ስለማይጠበቅ ከእርሱ የሚወጣውን ውሃ በቀጥታ ወደ ወንዝ መልቀቅ አይገባም።

መሬት ካለና አፈሩ የማያሰርግ ከሆነ የእኔ ምርጫ፣ ፍሳሹ በተከታታይ ክፍሎች ወደ ታችና ወደ ላይ እየተመላለሰ ያለ አየር የሚጣራበት ገንዳና ከእርሱ ቀጥሎ ፊላ ወይም ሸምበቆ የተተከለበት የጠጠር መደብ ነው። ቁልቁለት ባለበት ቦታ ሁለቱም ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራሉ፤ መደቦቹም በየምዕራፉ አንድ በአንድ ይጨመራሉ። በገንዳው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በቂ እስኪሆኑ ወራት እንደሚወስድ፣ የዝቃጩ ማንሣት ሲዘነጋም ጠጠሩ እንደሚደፈን ማወቅ ያስፈልጋል። ለመደቡ በነፍስ ወከፍ ከሁለት እስከ አምስት ካሬ ሜትር ቢያዝ ለ1,000 ነዋሪ እስከ ግማሽ ሄክታር ይፈለጋል፤ ብዙዎች ይህን ሐሳብ የሚተዉት እዚህ ላይ ነው።

መሬት ሲጠብ ወደ ኤሌክትሪክ መሄድ ግድ ይሆናል። በአንድ ገንዳ ውስጥ መሙላት፣ አየር መንፋት፣ ማዝቀጥና ማውጣት በየተራ የሚከናወንበት ዘዴ የዑደቱን ሰዓት በማስተካከል ለአነስተኛ ፍሰት ይስማማል። ባክቴሪያ የሚያድግባቸው ተንሳፋፊ ፕላስቲኮች ያሉበት ገንዳ ደግሞ ነዋሪው ሲበዛ፣ የአየር መንፊያው አቅም እስከፈቀደ ድረስ፣ ተጨማሪ ፕላስቲክ በማስገባት አቅሙ ስለሚያድግ ለእንዲህ ዓይነቱ መንደር በጣም ምቹ ነው። በሜምብሬን፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ስስ ገለፈት፣ የሚያጠል ማጣሪያ ከሁሉም የጠራ ውሃ ቢሰጥም ጥሩ የመግቢያ ወንፊት፣ በኬሚካል መታጠብና በየጊዜው የሜምብሬን ለውጥ ስለሚፈልግ ቋሚ ባለሙያ ለሌለው መንደር አልመክረውም።

የተመረጠው ዘዴ ምንም ይሁን ምን ጎን ለጎን በሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ምድቦች ቢከፈልና የመጀመሪያው ከሁሉም አነስተኛ ቢሆን ይመረጣል። የመግቢያው ወንፊት ጉድጓድ፣ የማከፋፈያው ሳጥንና የኤሌክትሪክ ገመድ መተላለፊያዎች ግን በኋላ ለመቆፈር ስለሚያስቸግሩ በአንድ ጊዜ ለመጨረሻው መጠን ይሠሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፍሰት መለኪያ ተገጥሞ ንባቡ ይመዝገብ፤ ፍሰቱ ከተገጠመው አቅም ከ70 እስከ 80 በመቶ ሲደርስ የቀጣዩ ምድብ ሥራ ይጀመር፤ ፈቃድና ግንባታ ጊዜ ይወስዳሉና። በሰፊ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ፍሳሽ ቆሻሻውን ለመግፋት የሚያስፈልገውን በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ፍጥነት ስለማያገኝ፣ ለማጣሪያው ቅርብ የሆኑትን ቤቶች አስቀድሞ መገንባትና መስመሩን በየጊዜው በውሃ ማጠብ ይጠቅማል። የገቡት ነዋሪዎች እጅግ ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ለጥቂት ወራት ፍሳሹን አጠራቅሞ ፈቃድ ወዳለው ማጣሪያ በቦቴ ማጓጓዝ ባዶ ማሽን ከማስነሣት ሊረክስ ይችላል።

ዋጋ ሲወዳደር የግዢው ብቻ ሳይሆን የ20 ዓመት ኤሌክትሪክ፣ መለዋወጫ፣ የዝቃጭ ማስወገጃና የሠራተኛ ደመወዝ አብሮ ይደመር። አልሚው ከወጣ በኋላ ይህን የሚከፍለው የነዋሪዎች ማኅበር ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ቤቶቹ ከመሸጣቸው በፊት ሊታወቅ ይገባል። የአቅራቢው መግለጫ ወረቀት የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ የሙሉ ጭነት ውጤት ስለሆነ፣ ከአቅሙ ሲሶ በታች እየሠራ ለዓመታት የቆየ ማጣሪያ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። በውሉም ውስጥ የሚወጣው ውሃ ጥራት በመጀመሪያው ዓመት አነስተኛ ፍሰት አንድ ጊዜ፣ ምድቡ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ገለልተኛ በሆነ ላቦራቶሪ እንዲመረመርና የክፍያው የተወሰነ ክፍል እስከ ሁለተኛው ምርመራ ተይዞ እንዲቆይ ይደረግ።