ድሬዳዋ ላይ የሴስና 172 አውሮፕላን የሞተር ዘይት ከልክ በላይ ሲሞቅ

ምልክቱ፦ ሊኮሚንግ ኦ-320 ሞተር፣ ከተነሳ በኋላ ከፍታ ሲይዝ የዘይቱ ሙቀት 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ለዘይቱ ሙቀት የሞተሩ ጣሪያ 118 ነው፤ የሚመረጠው ደግሞ 82 አካባቢ። የሲሊንደር ራሶችም ከ224 አልፈዋል፤ ገደባቸው 260 ቢሆንም በዚያ መቆየት ዕድሜ ይቆርጣል። «የድሬ ሙቀት ነው» ማለት ይቀላል፣ ግን በማለዳም ያው ነበር።

ዘይት ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። የሙቀት ሴንሰሩ ተፈቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጌጁ 96 አነበበ። ትክክል ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው እዚያው ላይ ነው። 100 ቢል ነበር የሚያሳስበው። ቬርናተርሙም (ዘይቱ ሲሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው እንዲያልፍ የሚያደርገው ቫልቭ) ሙቅ ውሃ ውስጥ በ85 ገደማ ተዘርግቷል። የዘይት ማቀዝቀዣው ከአቧራ ሲጸዳ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልበቃም።

መፍትሔው የተገኘው በአምፖል ነው። አምፖሉን ከሲሊንደሮቹ ኋላ፣ ከባፍሉ (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚመራው ቆርቆሮ) በታች አስቀምጦ ካውሊንጉን (የሞተሩን ሽፋን) መዝጋትና በፊት ባሉት የአየር መግቢያዎች ማየት። ከኋላ በኩል ብርሃን በሰፊው ወጣ። በባፍሉና በካውሊንጉ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው ጎማ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ አየሩ ሲሊንደሮቹን ሳይነካ ከላይ ያመልጣል። ካውሊንጉ ውስጥ ጎማው የሚተወው ጥቁር የፍትጊያ መስመርም እዚያው ላይ ተቋርጧል።

ጎማው በአዲስ ሲልከን ተተካ፣ ጠርዙ ወደ ፊት እንዲጎብጥ ተደርጎ፤ ያኔ የአየሩ ግፊት ራሱ ካውሊንጉ ላይ ይለጥፈዋል። ማዕዘኖቹ ላይ በመቁረጫ ካልተሰነጠቀ ይጨማደድና ያፈሳል። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሙቀት በሚችል ቀይ ሲልከን ተደፈኑ።

አሁን ከፍታ ሲይዝ ዘይቱ 95 ላይ ይቆማል።