ለሥራ አዳማ የገባ ቅድመ አያትን ዱካ መከተል

ቅድመ አያትዎ ከመንዝ ወይም ከሐረርጌ መጥተው አዳማ የቀሩ ከሆነ፣ ፍለጋው በሕይወት ካሉት ይጀምራል። መጀመሪያ የቤቱን አሮጊቶች ያነጋግሩ፤ ወንዶቹ ብዙ ጊዜ የአባት መስመር ብቻ ይቆጥራሉ፣ የትኛው ልጅ በእንጀራ አባት ስም እንደሚጠራ የሚያውቁት አሮጊቶቹ ናቸው። ለሰርግ ሰባት ቤት የቆጠሩ ሽማግሌ ካሉ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የክርስትና ስም ሳይዙ ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ። በመዝገብ «ወልደ ሚካኤል» የተባለው ሰው «ተሰማ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም። የክርስትናው ቀን ከተገኘ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ልደቱን ያወጣሉ፤ ታሞ የነበረ ሕፃን ግን ቀድሞ ይጠመቃል። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ኒካውን ያሰሩትን ሼህ ቤተሰብ ይጠይቁ።

ዓመቱን በቁጥር የሚነግርዎ ጥቂት ነው። «ከክፉ ቀን በኋላ» ሲባል ከ1884 ወዲህ፣ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ጣሊያን የገባው 1928 ነው። ወንጌላዊው ከተነገረዎ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። «በዘመነ ማርቆስ ተወለደ፣ በኅዳር በሽታ ጡት ይጠባ ነበር» ከተባለ 1910 ላይ ያርፋል፤ የፊተኛው ማርቆስ 1906 ስለሆነ ልጁ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ወሬውንም በዚሁ ይፈትኑ። ሃዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ነው። «በዓድዋ ዘመቻ ጊዜ በባቡር አዳማ ገቡ» ከተባለ አባትና ልጅ ተደባልቀዋል ማለት ነው፤ ሁለቱን በሁለት ወረቀት ለይተው ይጻፉ።

የባቡር ሥራ ወረቀት በፈረንሳይኛና በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይቀንሱ። ፈረንሳይኛ ጸሐፊ «ሀ»ን ሊውጣት ስለሚችል «ኃይሉ»ን በ«አይሉ»ም ይፈልጉ። በጣሊያን ዘመን ወረቀት ላይ ከቀኑ ጎን ያለው የሮማ ቁጥር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1922 የሚነሣው የፋሺስት ዓመት ነው፤ 15ኛው የጀመረው በጥቅምት 1936 በእነሱ አቆጣጠር ነው።

አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሲገቡ «አዳማ» ብቻ ብለው አይጠይቁ፤ የንጉሡና የደርግ ዘመን ፋይል «ናዝሬት» ይላል። ቀበሌ ውስጥ ደግሞ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 በኋላ የተከፈተ የቤት ፋይል ሊኖር ይችላል፤ ቀበሌዎች ስለተዋሃዱ የድሮውን የቀበሌና የቤት ቁጥር ይዘው ይሂዱ።

የትውልድ መንደሩ የመጨረሻ ይሁን። የአያትን ስምና የደብሩን ስም ይዘው በገበያ ቀን ይድረሱ፣ መሬት ሊጠይቁ እንዳልመጡም ከሰላምታ ቀጥሎ ይናገሩ፤ አለዚያ ዘመድ የሆነውም «አላውቃቸውም» ይልዎታል።