ላዳን ቆርጦ ፒክአፕ ማድረግ፦ ከግራይንደሩ በፊት ድጋፉ

ሞተሩ የሚነሳ፣ ዲፍረንሻሉ ጤነኛ የሆነ ላዳ አጥር ሥር ቆሞ ዝገት ሲበላው ማየት ያሳዝነኛል። ከኋላው ቆርጦ መኖ፣ አትክልትና ሲሚንቶ የሚያመላልስ ትንሽ ፒክአፕ ማድረግ ይቻላል። የምጽፈው ስለ ላዳ 2107 ሞዴል ነው፤ 2101 እና 2105ም አሠራራቸው ብዙ አይለይም። ሁሉም መነሻቸው ፊያት 124 ሲሆን የሚነዱት በኋላ ጎማ ነው፤ ጭነቱ የሚያርፈው በሚገፋው ጎማ ላይ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻሉ።

መጀመሪያ ሊብሬውን ይዛችሁ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱና ለውጡን አስፈቅዱ። የመኪናው ዓይነትና የመጫን አቅሙ ሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር፣ ሠርቶ ጨርሶ መጠየቅ ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ባትሪውን፣ የኋላ ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የኋላ በሮቹንና የኋላ መስታወቱን አውጡ። ወደ ስቶፕ መብራት የሚሄደውን ሽቦ ጠቅልላችሁ ወደ ፊት ሰብስቡት። ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የላዳ ሳልባትዮ 39 ሊትር የሚይዝ ሲሆን የተቀመጠው ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው በስተቀኝ ነው፤ የእሳት ፍንጣሪ የሚረጨውም እዚያው አጠገብ ነው። ቤንዚኑ ተቀድቷል ብላችሁ አትዘናጉ። የሚፈነዳው ትነቱ ነው፣ ባዶ ሳልባትዮ ደግሞ በትነት የተሞላ ነው። ፍቱና ከጋራዡ ውጭ አስቀምጡት፤ የቤንዚን ቱቦውንም ድፈኑት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ላዳ እንደ አይሱዙ ለብቻው ሻንሲ (ቦዲውን ከሥር የሚሸከም የብረት አጥንት) የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው። መኪናውን ቀጥ አድርገው የያዙት ጣሪያው፣ የኋላ መስታወቱ ፍሬምና ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ላሜራ ተጋግዘው ነው። እነዚህ ሲቆረጡ ወለሉ መሀል ላይ ይሰምጣል። ሌላ ቦታ ተቆርጦ ጋራዣችን የመጣ አንድ ላዳ ነበር። የሹፌሩ በር ከላይ ከምሰሶው ጋር ይፋተጋል፤ ከታች ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። በክሪክ ወለሉን ከፍ ካላደረግን በሩ አይዘጋም ነበር። ምሰሶው ሥር የተለጠፈው ስቱኮም ከነቀለሙ ተሰንጥቋል። እንዲህ ከሆነ በኋላ ማቃናት ከመጀመሪያው ሥራ ይበልጣል።

ስለዚህ መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ በካቫሌቶ (መኪና ከፍ አድርጎ በሚይዝ የብረት ማቆሚያ) አቁሙት። የፊት በሮቹ ያለችግር መከፈትና መዘጋታቸውን አረጋግጡ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን በር ክፍት ቦታ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለክታችሁ ልኩን ጻፉ። በዚያው ክፍት ቦታ ውስጥ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) በሰያፍ በይዱበት፤ ኋላ የሚነሳ ጊዜያዊ ድጋፍ ነው።

ቋሚው ድጋፍ ከሥር ነው። 40 በ60፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በግራና በቀኝ፣ ከፊት ወንበር ሥር ካለው የቦዲ አጥንት ተነስቶ የኋላ ሞላ ከሚያርፍበት አልፎ ይሂድ። ሁለቱን በሁለት መስቀለኛ አያይዟቸው፤ አንዱ ከመሀል ምሰሶዎቹ ሥር፣ ሌላው ከኋላ አክሱ ፊት። ቱቦላሬውን በቀጥታ ስስ ወለል ላይ አትበይዱት፣ ቀዶት ይወጣል። መጀመሪያ የመዳፍ ስፋት ያለው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አንጥፉ። የፍሬንና የቤንዚን ቱቦዎቹን ከቦታቸው አርቁ፤ ካርዳኑ (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ) የሚያልፍበትን ዋሻ አትንኩት፣ እሱም ተሸካሚ ነው። ብየዳውን አሳጥሩ፤ ጥቂት ከግራ፣ ጥቂት ከቀኝ። ረጅም ብየዳ በሙቀቱ ቦዲውን ያጣምማል።

ለቱቦላሬው ተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ ይበቃል። ለካቢኑ ላሜራ ግን ሚግ (በጋዝና በቀጭን ሽቦ የሚበይድ ማሽን) ተከራዩ፤ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላን ላሜራ በኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው ቀዳዳ ሲደፍን ይውላል።

መቁረጫው ከመሀል ምሰሶው አንድ መዳፍ ወደ ኋላ ይሁን። የፊት ቀበቶው የታሰረው በዚያ ምሰሶ ላይ ነው። የኋላ መስታወቱን ፍሬም አትሰባብሩት፤ ሙሉውን አውጥታችሁ ወደ ፊት አምጡና የካቢኑ ጀርባ አድርጉት። መስታወቱም ጎማውም የራሱ ስለሆነ ዝናብ አያስገባም። በጎንና በጎኑ የሚተርፈውን ክፍተት በላሜራ መሙላት ብቻ ነው።

ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ቀላል ነው፦ አንገላሬ (የኤል ቅርጽ ያለው ብረት)፣ ላሜራ፣ በማጠፊያ የሚከፈት የኋላ ስፖንዳ (መዝጊያ)። ሳልባትዮው ወደ ቦታው ተመልሶ በጠንካራ ላሜራ ይሸፈን፤ ጥቂት ቦታ ቢወስድም ዕቃ አይመታውም።

ስለ ጭነት አልደራደርም። ፋብሪካው ለ2107 የፈቀደው ሰውን ጨምሮ 400 ኪሎ ነው። ሹፌርና ረዳት፣ የጨመራችሁትም ብረት ሲቀነስ ሁለት ኩንታል ይተርፋል፤ አራት ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። ብዙዎች ጠንካራ ሞላ አስገብተው አምስት ኩንታል ይጭናሉ። ችግሩ መስበሩ ብቻ አይደለም። ላዳ ከኋላ አክሱ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ አለው፤ የጭነቱን ክብደት የሚያውቀው ቦዲው ዝቅ በማለቱ ነው። ሞላው ቦዲውን ከፍ አድርጎ ሲይዘው፣ መኪናው ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ የኋላ ፍሬኑን ግፊት ይቀንሳል። ሞላ ከቀየራችሁ ይህንንም በሚያውቅ መካኒክ አስተካክሉት።

የበሩን ጊዜያዊ ድጋፍ አንሱ፤ ሁለት ኩንታል ጭናችሁ ሰው በሌለበት ሜዳ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ የበሮቹን ልክ እንደገና ውሰዱ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለወጠ ድጋፉ አልያዘም፣ ወደ ብየዳው ተመለሱ። ካልተለወጠ ብየዳዎቹን በጸረ ዝገት ቀቡ፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የካሶኒውን ማዕዘኖች ውሃ እንዲወርድባቸው ብሱ።