ልጃችሁ ትምህርት አልገባው ካለ

22 ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ልጅ «ደደብ» ብዬዋለሁ። ስጠራው ዞር አይልም፤ ቃለ ጽሕፈት ሳነብ ግማሹን ይዘላል። በኋላ እናቱ መጥታ ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲመግል እንደኖረ ነገረችኝ። ያ ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለዚህ አፋችሁ ለስድብ ከመከፈቱ በፊት ይህን አድርጉ።

መጀመሪያ ጆሮውን ሞክሩ። ከኋላው አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ቁሙ። አንዱን ጆሮውን በጣቱ ይድፈን። «ሦስት፣ ላም፣ ሰባት» ብላችሁ አንሾካሹኩና ይድገምላችሁ። ለሌላኛው ጆሮ ቃሉን ቀይሩ። ካልሰማ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደብተሩን አፍንጫው ላይ የሚለጥፍ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ይታይ። ደም ማነስም ልጅን ያፈዛል። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅማ ምን ይጠየቃል?

አዮዲን ባለው ጨው ላይም ትንሽ ልቆይ። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ካነሳት የልጁ አእምሮ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ ይጎዳል። ደጋ አገር እንቅርት የሚበዛው ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስደው ነው። አገራችን የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በደንብ ደንግጋለች። አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን እሽግ ግዙ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይገባው ልጅ አለ። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ጆሮዋ ደህና፣ ዓይኗ ደህና፣ ጠግባ ታድራለች። ብቻ አይገባትም። ቁመቷን እንዳልመረጠች ሁሉ ይህንንም አልመረጠችም። በምን ትወቀሳለች?

ሌሎቹ በቀን አንድ የፊደል ረድፍ ሲሄዱ፣ እሷን ከ«በ» እስከ «ቦ» ሁለት ሳምንት አቆየኋት። የትናንቱን ዛሬ ስትረሳ «ትናንት አውቀሽው አልነበር?» አልላትም፤ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። መደመር በእውነተኛ ሳንቲም አስተማርኳት። ወላጆቿን ከታናሽ ወንድሟ ጋር እንዳያወዳድሯት ለመንኳቸው። ማወዳደር ከዱላ ይብሳል።

ሰኔ ላይ ከእናቷ ጋር ጉልት ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለት መደብ ሽንኩርት ገዝቼ 50 ብር ሰጠኋት። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ቆየች። እናቷ ልታግዛት እጇን ስትሰድ በዓይኔ «ተያት» አልኳት። መልሱ ልክ ነበር።