ዓምድን ከእግሩ ጀምሮ መለየት

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥተው በፒያሳ በኩል ወደ አራት ኪሎ በእግር ሲሄዱ፣ በሕንጻ መግቢያም ሆነ በበረንዳ ላይ የግሪክ መልክ ያላቸው ዓምዶች ማየትዎ አይቀርም። የአንዱን ዓይነት ከሌላው ለመለየት ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ዓምዱ ራስ፣ ማለትም ወደ ላይኛው ጫፉ ያንጋጥጣል፤ እኔ ግን ከእግሩ መጀመርን እመርጣለሁ።

ዓምዱ ያለ ምንም መቆሚያ በቀጥታ በወለሉ ላይ ካረፈ ከግሪኮቹ ሦስት የዓምድ ዓይነቶች ቀላሉ፣ ዶሪክ የሚባለው፣ ነው ለማለት ይቀርባል። አካሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 20 ቦዮች ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ፤ ቦዮቹም የሚገናኙት በሹል ጠርዝ ነው። ራሱ ላይ ያለው ሳሕን የመሰለ ክብ ድንጋይና በላዩ የተጫነ አራት ማዕዘን ጠፍጣፋ ብቻ ነው። ግንባታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 የተጀመረው የአቴናው ፓርተኖን ቤተ መቅደስ ዓምዶች ቁመታቸው 10.4 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የታችኛው ውፍረታቸው ወደ 1.9 ሜትር ስለሚደርስ ደንዳና ሆነው ይታያሉ። ራሱ እንዲሁ ቀላል ሆኖ እግሩ መቆሚያ ካለው ግን፣ ሮማውያን ያሻሻሉት ዶሪክ ወይም ቱስካን የሚባለው ቀላል የሮማውያን ዓይነት ሊሆን ይችላል።

መቆሚያ ካለውና ከሁለት ጫፉ እንደ ብራና የተጠቀለለ ራስ ከተሸከመ አዮኒክ ነው። ቦዮቹ ብዙውን ጊዜ 24 ሲሆኑ በመካከላቸው ጠባብ ጠፍጣፋ ሰቅ አለ። የአዮኒክ ራስ ፊቱና ጎኑ ስለሚለያይ የማዕዘኑ ዓምድ ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነበር፤ ግሪኮች የጥጉን ጥቅል በሰያፍ ወደ ውጭ በማጠፍ ከሁለቱም አቅጣጫ ፊቱ እንዲታይ አደረጉ። ስለዚህ የሠሪውን ችሎታ ለመመዘን የማዕዘኑን ዓምድ ይመልከቱ።

ቅጠል የለበሰው ቆሮንቶሳዊ ነው። ቅጠሉ የአካንተስ ሲሆን፣ ከእኛው እሾሃማ ኮሸሺላ ጋር ይዛመዳል። ቦይ አለመኖሩ አያሳስትዎ፤ የሮማው ፓንተዮን ቤተ መቅደስ የፊት ለፊት 16 ዓምዶች ቆሮንቶሳዊ ቢሆኑም አካላቸው ልሙጥ ነው።

ሕንጻው ፎቅ ከሆነ የአደራረቡን ቅደም ተከተል ይመርምሩ። በሮማው ኮሎሲየም ቀላሉና ደንዳናው ከታች፣ አዮኒኩ ከበላዩ፣ ቆሮንቶሳዊው በሦስተኛው ደረጃ ተቀምጠዋል፤ ከሕዳሴው ዘመን ወዲህ የአውሮፓ አርክቴክቶች ይህንኑ እንደ ደንብ ይዘውታል። በእኛ ከተማ ቅጠሉ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሲሆን ካዩ፣ ምርጫው ከዓምድ ቅርጽ ሻጭ ካታሎግ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ ከጎን ቆመው የአካሉን መስመር ይከተሉ። የግሪኮቹ ዓምድ ወደ ላይ እየቀጠነ ሲሄድ በጥቂቱ እንዲያብጥ ተደርጎ ይጠረባል፤ እንደ ቱቦ ቀጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ፌሮ ባለው ኮንክሪት ላይ የተለበጠ ጅብሰን ነው። በጣትዎ ቢያንኳኩት የባዶ ድምፅ ይሰጥዎታል።