የገጸ ባህርይ ትንተናችሁ የት ላይ ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ

የጻፋችሁት የገጸ ባህርይ ትንተና ሲመለስላችሁ ዳር ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ከበዛበት፣ ልብ ወለዱን ስላላነበባችሁ አይደለም። አንብባችኋል። ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ጻፋችሁ፤ ምን እንደሚፈልግ ግን ሳትጽፉ ቀራችሁ። አብዛኛው ብልሽት ከዚህ ይጀምራል።

ምሳሌዎቼ በብዛት ከሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ገልጦት የማያውቅ ሰው እንኳ ፍቅረኛሞቹን ሰብለንና በዛብህን በስም ያውቃቸዋል። ይህ ትውውቅ ራሱ አንድ ችግር ያመጣል፤ እንመጣበታለን።

ምልክቱ፦ ገጹ በቅጽል ተሞልቷል

«ፊታውራሪ መሸሻ ኩሩ፣ ጨካኝና ወግ አጥባቂ ናቸው።» ስለ ሰብለ አባት የተጻፈ ነው፤ ሐሰት የለበትም። ግን ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ ምን ይጻፋል? ምንም። ስለዚህ ተማሪው ታሪኩን ወደ መተረክ ይገባል፤ ሦስት ገጽ ይሞላል፤ ትንተና ግን የለም።

ምክንያቱ፦ ጸባይና ፍላጎት ተምታተዋል። ኩራት ጸባይ ነው። ኩሩ አባት ልጁን ለትልቅ ሰው ድሮ፣ ድግስ ደግሶ፣ በዚያው ሊኮራ ይችላል። ፊታውራሪ ግን ሰብለን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ይመልሳሉ። የሰብለ ዕድሜ ደግሞ እየገፋ ነው። ኩራት ብቻውን ይህን አያስረዳም።

መፍትሄው፦ ቅጽሉን ሰርዙና ሦስት ጥያቄ መልሱ። ምን ይፈልጋል? ምን እንዳይደርስበት ይፈራል? ለዚህ ሲል ምን ከፈለ? ተማሪ ሁሉ የሚዘለው ሦስተኛውን ነው፤ ማስረጃው ያለው ግን እዚያ ነው። ሰው ምንም ሳያጣበት የፈለገውን ነገር ምኞት ነው ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

በፊታውራሪ ላይ እንሞክረው። በመጀመሪያ የከፈሉት የልጃቸውን ዕድሜ ነው። ቀጥሎ ከልማዱ ውጪ ግብር ጠየቁ፤ ባላገሮቹ እምቢ አሉ፤ ሊቀጧቸው ዘምተው እነሱው እጅ ላይ ወደቁ። አንዱ የጋብቻ ጉዳይ ነው፣ ሌላው የግብር። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን የሚያመሳስላቸው ነገር ብቅ ይላል፤ በሁለቱም ላይ ያልተዋጠላቸው፣ ዝቅ አድርገው የሚያዩት ሰው ጉዳዩ ላይ አፍ ማግኘቱ ነው። ጠያቂው «እኩያ ነኝ» ብሎ መጣ፤ ባላገሩ «ይኼስ በዛ» አለ። እንግዲህ ፍላጎታቸውን እንዲህ ልትጽፉት ትችላላችሁ፦ «ፊታውራሪ መሸሻ የሚታገሉት ከበታቻቸው ያለ ሰው እንደ እኩያ እንዳይነጋገራቸው ነው፤ ለዚህም ልጃቸውንና ክብራቸውን እስከ ማጣት ይደርሳሉ።» ይህ ሊሞገት የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው። ሊሞገት የማይችል ከሆነማ ምኑን ተነተናችሁት?

በነገራችን ላይ፣ «ልጃቸውን አይወዱም» የሚለው ንባብ ለእኔ ሰነፍ ንባብ ነው። በራሳቸው ሚዛን እየጠበቋት ነው። የሚያስፈራውም ሚዛኑ ነው።

ምልክቱ፦ ሁሉም ነገር «በፍቅር ተነሳስቶ» ሆኗል

በዛብህ ዝም ካለ በፍቅር ነው፣ ከሸሸም በፍቅር ነው። ሁሉን የሚያስረዳ ምክንያት ምንም አያስረዳም።

ምክንያቱ፦ የመጽሐፉ ርዕስ መልሱን ቀድሞ ስለሰጣችሁ፣ ሌሎቹን ጉልበቶች መፈለግ አቆማችሁ። በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የስለት ልጅ ነው። ከድሃ ቤት ወጥቶ፣ በትምህርቱ ሰው ሆኖ፣ ባላባት ቤት ሊያስተምር የገባ ነው። ስለቱን ደግሞ እሱ አልተሳለም፤ እናቱ ናት የተሳለችው። ሳይበደር የወረሰው ዕዳ ነው። እንግዲህ ልቡ የሚመታው በሰብለ ብቻ አይደለም፤ እግዜሩም አለ፣ እናቱም አለች፣ የፊታውራሪ ቁጣም አለ።

መፍትሄው፦ ድርጊት ያለበትን ሳይሆን ማመንታት ያለበትን ትዕይንት ምረጡ። ሰው የሚያመነታው ሁለት ፍላጎት ሲጋጭበት ነው። ከዚያ አንድ ወገን ያዙ፦ በዛብህን የሚይዘው የእግዚአብሔር ፍርሃት ነው ወይስ ለእናቱ ያለው ታማኝነት? ሁለቱም ማለት ይቻላል፤ ግን የትኛው እንደሚያመዝን ከገጹ ቃል አውጥታችሁ አሳዩ።

ለሰብለ ሌላ ዘዴ ይሻላል። መጀመሪያ ላይ የአባቷን ውሳኔ የምትጠብቅ ልጅ ናት። በኋላ መነኩሴ መስላ በእግሯ ወደ አዲስ አበባ ትጓዛለች። መነሻዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ መድረሻዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ መጠበቋ የተሰበረበትን ቦታ ፈልጉ። ድርሰታችሁ በሙሉ ስለዚያ ቦታ ቢሆን አይከፋም።

ምልክቱ፦ «ጉዱ ካሳ የደራሲው አንደበት ነው»፤ አለቀ

ስህተት አይደለም። ግን በር ይዘጋል። ጉዱ ካሳ ረጅም ሐሳብ ስለሚናገር ሰው መሆኑን ትረሳላችሁ።

መፍትሄው፦ ከንግግሩ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ ጠይቁ። ከውጭ የመጣ አይደለም፤ የፊታውራሪ ዘመድ ነው፤ የሚነቅፈው ሥርዓት የራሱም ቤት ነው። ሰዉ እብድ ይለዋል። ይኼ ስም ቅጣት ነው፤ ፈቃድም ነው። ሌላው ቢናገረው የሚገረፍበትን እሱ ተናግሮ ይሄዳል። ታዲያ ስሙ ይመቸዋል ወይስ ያቆስለዋል? ሁለቱን ወጣቶች ለማገዝ ከንግግር ወደ ሥራ የገባበትን ቦታ አንብቡና መልሱን ከዚያ ሞክሩ።

ምልክቱ፦ ገጹ ላይ የሌለ ስሜት ጠቅሳችኋል

«በምሬት ይናገራል» ብላችሁ ጻፋችሁ። መምህሩ ገጹን ገለጠ፤ ምሬት የለም። ከየት አመጣችሁት? ከወጋየሁ ንጋቱ። በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጆሯችን ውስጥ ስለቀረ፣ ስናነብም የምንሰማው እሱን ነው። ትረካው ድንቅ ነው፣ አልጣላውም። ግን የአንድ ተዋናይ ንባብ ነው። ክፍሉን ድምፅ ሳትቀያይሩ፣ ዜና እንደሚነበብ አንብቡት። ምሬቱ ከቀረ የቃሉ ነው። ከጠፋ የወጋየሁ ነበር፤ ልትጠቅሱት ከፈለጋችሁ በእሱ ስም ጥቀሱት።

ምልክቱ፦ ተራኪው ያለውን ደግማችሁ ጻፋችሁ

ይህ «እኔ» እያለ የሚተርክ ገጸ ባህርይ ሲገጥማችሁ ይብሳል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ላይ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ራሱን ራሱ ያስረዳል። አዲስ አበባ እጮኛው ሮማን አለች፤ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር ይገናኛል። ለሚያደርገው ነገር የሚሰጠው ምክንያት የሚጥም ስለሆነ ተማሪው እንዳለ ይገለብጠዋል።

ወረቀት ላይ መስመር አስምሩ። በግራ የተናገረውን፣ በቀኝ ያደረገውን ጻፉ። ሁለቱ በሚገጥሙበት ጊዜ አትድከሙ፣ እለፉት። በማይገጥሙበት ረድፍ ላይ ግን ቁሙ፤ ማንን ለማሳመን እንደሚናገር ጠይቁ፦ አንባቢውን፣ ሮማንን፣ ወይስ ራሱን?