የደሴው ቤት ውኃ አልሞቅ ሲል፦ ብር ከመላካችሁ በፊት

እናቴ ደሴ፣ መናፈሻ አካባቢ ትኖራለች። ስደውል «አብሽር ልጄ፣ ሁሉም ሰላም ነው» ትለኛለች። የሻወሩ ውኃ መሞቅ ካቆመ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ በዚያ ብርድም በከሰል አሙቃ እንደምትታጠብ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ወላጆቻችን እኛን ላለማስጨነቅ ይደብቃሉ። ስለዚህ «ቤቱ ደህና ነው?» ብላችሁ አትለፉ፤ «ዛሬ ገላሽን በምን ታጠብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለማሞቂያ ሁለት ጊዜ ብር ልኬያለሁ፤ ሁለቱም ተቃጠሉ። የገጠማቸው ሰው ሁለቱንም ጊዜ «ዕቃው አይረባም» አለ። ዕቃው ግን ጥፋት አልነበረበትም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት መስመሩ ሲቋረጥ፣ ማሞቂያው ውስጥ የነበረው ውኃ በመጣበት ቧንቧ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ማብሪያው እንደበራ ታንኩ ባዶውን ሲቀር ውኃውን የሚያሞቀው ብረት (ሬዚስታንሱ) በደረቁ ግሎ ይቃጠላል። መፍትሔው ቀዝቃዛው ውኃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ የሚታሰር፣ ውኃን ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሴፍቲ ቫልቩ ጋር አንድ ላይ ተሠርቶ ይሸጣል፤ አካሉ ላይ የውኃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። ባለሙያው ስልኩን ከማሞቂያው ሥር አስጠግቶ በቪዲዮ ያሳያችሁ። ቀስቱ ወደ ማሞቂያው ካላመለከተ ወይም ቫልቩ ጭራሹኑ ከሌለ፣ ለሦስተኛ ማሞቂያ አንድ ብር አትላኩ።

ያ ሴፍቲ ቫልቭ ውኃው ሲሞቅ ጠብ ጠብ ይላል። ውኃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፉን እያስወጣ ነው። «ያፈሳል» ብለው የሚደፍኑት ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ይህን አታስደርጉ፤ ግፊቱ መውጫ ካጣ ማሞቂያው ሊፈነዳ ይችላል።

«አይሞቅም» የሚባለው ሁሉ ብልሽት አይደለም። 80 ሊትር ውኃ በ1,500 ዋት ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እናቴ በግማሽ ሰዓት ታጠፋው ነበር።

«ሻወሩ ኃይል የለውም» ከተባላችሁ ሮቶው የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር ብቻ ነው፤ ከሻወሩ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ 0.2 ባር ነው የሚሰጠው። እንዲህ ያለውን ቤት ቧንቧ መቀየር አያድነውም፤ ወይ ሮቶው ከፍ ይበል፣ ወይ አነስተኛ ፓምፕ ይገጠም።

የውኃ ሒሳብ ከበዛ፣ ማታ ውኃ ባለበት ፈረቃ ሁሉም ተዘግቶ የቆጣሪው ፎቶ ይላክላችሁ፤ ጠዋት ደግሞ ሌላ። ሮቶው ሞልቶ ሳለ ቁጥሩ ከተለወጠ አንድ ቦታ ይፈሳል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጸዳጃ ቤቱ ነው፦ የቀይ ሥር ጭማቂ ከላይ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይጨመር፤ ውኃ ሳይለቀቅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከታች ከቀላ ላስቲኩ አልቋል ማለት ነው።

ከሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ቤት ያላችሁ ብርዱ ብዙም አያስቸግራችሁም፤ የቫልቩ ነገር ግን ያው ነው።

ማሞቂያው እስኪጠገን ቤተሰብ ከሰል ማንደዱ አይቀርም። ከሰል የሚያወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ዛሬ ማታ ስትደውሉ ምድጃው የት እንደሚያድር ጠይቁ። መኝታ ቤት ከሆነ፣ ወደ ደጅ መውጣቱን ሳትሰሙ ስልኩን አትዝጉ።